አንዲት በግ፣ ሁለት አርኖልድ

አቤት የዚያ ሰሞን ወሬ! የካቲት 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኖሮ ስለ ተባዛችው በግ ስለ ዶሊ ያልተከራከረ ሰው ካለ፣ ወይ ጠበል ገብቶ ከርሟል ወይ የራዲዮኑ ባትሪ አልቆበታል። እኔ ወሬውን ማታ በጀርመን ድምፅ ሰማሁት፤ በማግስቱ አራት ኪሎ ስደርስ ከተማው ሰምቶ ጨርሶ ወደ ትርጓሜው ገብቷል። ጋዜጣ አከራዮቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ የሚደረደረው አንባቢ እንደ ወትሮው አንገቱን ደፍቶ አላነበበም። አንዱ የሌላውን ጋዜጣ ይነጥቃል፣ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ከራሱ ጨምሮ ይጨርሰዋል፣ «ሰውንም አባዝተዋል፤ ደብቀውት ነው እንጂ!» ብሎ በማርያም ይምላል። አንዱ ጋዜጣ የበጓን ፎቶ ከሂትለር ፎቶ ጎን አትሟት ነበር። ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ለማወቅ ከፍለን ተከራየነው፤ ውስጡ ስለ ሂትለር አንድ መስመር የለም።

መደበቁስ እውነት ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ አጠገብ ባለው በሮዝሊን ተቋም የተወለደችው ግልገል ወሬዋ ሲወጣ ሰባት ወር አልፏታል። ሰኔ 28 ቀን 1988 ዓ.ም. ተወልዳ፣ ኢያን ዊልሙትና ኪት ካምቤል ጽሑፋቸው «ኔቸር» መጽሔት ላይ እስኪወጣ አፋቸውን ይዘው ሣር ሲያስግጧት ከርመዋል። እኛ ሰፈር ፍየል መንታ ከወለደች ፀሐይ ሳትወጣ ሦስት ቀበሌ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ጉድ ሰባት ወር ሙሉ በሆድ ይዞ መክረም! ለእኔ ከበጓ በላይ የገረመኝ እሱ ነው።

አሠራሩን የባዮሎጂ አስተማሪያችን በጠመኔ ሲስልልን፣ ኬሚስትሪም ሒሳብም የሚያጠናው ተማሪ ሳይቀር መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። ከስድስት ዓመት በግ ጡት አንድ ሴል ይወስዳሉ። ሴሉን ምግብ ነስተው ያስርቡታል፤ ረሃቡ ሲጠናበት ሥራውን ሁሉ አቁሞ ያሸልባል። የካምቤል ብልሃት ይህች ናት። ከዚያ ጥቁር ፊት ካለው የበግ ዝርያ እንቁላል ያመጡና አስኳሉን በቀጭን መርፌ መጥጠው ያወጡታል። የተቦረቦረው እንቁላልና ያሸለበው ሴል ጎን ለጎን ሆነው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል፤ ይዋሃዳሉ፤ እንቁላሉም ዘር የደረሰው መስሎት መከፋፈል ይጀምራል። ሦስተኛዋ በግ ተሸክማ ትወልዳለች። ከጥቁር ፊት እናት ነጭ ፊት ያላት ግልገል ዱብ ስትል ሌላ ምስክር አላስፈለገም። አባት የላት፣ እናት ሦስት! ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ለምን እንዳጨበጨብን እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ በጓ እኛን አታውቀን።

ስሟ ደግሞ ሌላ ድግስ ነው። ከጡት ሴል ስለተገኘች በዘፋኟ በዶሊ ፓርተን ስም ጠሯት። የዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ለካንትሪ ሙዚቃ የነበራት ፍቅር የሚታወቅ ነው፤ ከኬኒ ሮጀርስ ጋር የሥጋ ዝምድና ያላት ትመስል ነበር። ስለዚህ ቀልዱን ማንም ሳያብራራልን ገባን። ካዛንቺስ አንድ መጠጥ ቤት የዶሊ ፓርተንን ካሴት ሲያጫውት፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠ ሰካራም «ባ!» ብሎ እንደ በግ ሲጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሲበርድ ክርክሩ ይመጣል። የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ጋሼ ጉዳዩን በአንድ ቃል ዘጉት፤ «ስምንተኛው ሺህ ነው።» ከዚያ በኋላ የሚያነጋግር ነገር አልነበረም፤ እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ አወራን። ሰው ቢባዛ ነፍስ ከየት ይመጣለታል? ለሁለት ይካፈሉታል? ኃጢአቱስ የማን ነው? መልሱ ለካ አጥር ስር ቆሞ ያዳምጠን ኖሯል። ከግቢያችን ጀርባ አንዱን ካንዱ የማይለዩዋቸው መንትዮች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ፈተና ተፈትኖለታል ይባላል፤ እነሱ ግን አላመኑም። ከአንድ ጽንስ ተከፍለው የመጡ፣ አንድ ዓይነት ዘረመል የያዙ፣ ተፈጥሮ ያለ ኤሌክትሪክ ያባዛቻቸው ናቸው። ነፍሳቸው ስንት እንደሆነ ግን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለቱም በአርባ ቀናቸው ተጠምቀዋል፤ ሁለቱም ለየብቻ ተገርፈዋል። ነገሩን የንስሐ አባታችን ፊት አቅርበን፣ «በዚህ መንገድ የመጣ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል ወይ?» ብንላቸው ትንሽ አሰቡና «ከሴት ከተወለደ ምን ይከለክለዋል?» አሉን። ቀጥለውም፣ «ጥያቄው ለልጁ ሳይሆን ለሠሪው ነው፤ እሱን አምጡልኝ» አሉ። በዚያ ዓመት ከዚህ የተሻለ የሥነ ምግባር ትምህርት ከማንም አልሰማሁም፤ ከያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከክሊንተንም ጭምር።

ወጣቶቹ የተያዝነው ግን በኃይሌ ነው። አትላንታ ላይ 10,000 ሜትሩን ካሸነፈ ገና ዓመት አልሞላም! «ኃይሌን እናባዛው» የሚለው ሐሳብ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ ተወልዶ፣ ስድስት ኪሎ ስንደርስ አሥር ኃይሌ አሰልፈን ኬንያን በወረቀት ድል አድርገናል። ፋጡማ ሮባንም አምስት አደረግናት፤ ደራርቱን አልነካንም፣ አንዷ ትበቃለች ብለን። ክርክሩን ያበላሸው የአሰላ ልጅ ነው። «እሱ እኮ ደብተሩን በክንዱ ይዞ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ነው ያደገው። እናንተ ክሎኑን ቦሌ አሳድጋችሁ በሰርቪስ ልታመላልሱት ነው። ምኑ ይሮጣል?» አለ። ተሟገትነው፤ በስድብም ሞከርን፤ አልሆነም። ዘሩን ብትቀዳም መንገዱን አትቀዳውም። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ጨለማ ነካው፤ ያ ልጅ መሮጥ ባይወድስ? ገና ሳይወለድ ሜዳልያ የተቆጠረለት ልጅ፣ ሒሳብ እወዳለሁ ቢል ምን ሊባል ነው? የፈላስፎቹን መጽሐፍ ኋላ ሳገላብጥ «የልጅ ክፍት የሆነ ወደፊት» እያሉ በብዙ ገጽ የሚያብራሩት ነገር ይሄው የአሰላው ልጅ ነገር ነው።

አክስቴ በዚያው ሰሞን ከወልቂጤ ቆጮ ይዛ መጣች። ነገሩን እያጋነንኩ ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችኝና፣ «እና ምን አዲስ ነገር አለው?» አለች። እንሰት የሚባዛው እንዲያ ነው፤ ከሥሩ ከአሚቾው መሐል ማደጊያውን ፈልፍለው አውጥተው ይቀብሩታል፤ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል፤ ሁሉም ቁርጥ እናቱን ነው። ዘር የለ፣ አበባ የለ። «እኛ ስንሠራው ዝም ተብሎ ፈረንጅ በግ ላይ ሲሞክረው ነው ጉድ የሚባለው?» በሳቅ ወደቅሁ። እሷ ግን ቀጠለች፤ «ታዲያ ጓሮህ ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ ከተከልክ ሞኝ ነህ። አጠውልግ የገባ ለት ሁሉም አብሮ ይሄዳል። እኛ ነጩንም ጥቁሩንም፣ ለቡላ የሚሆነውንም ለመድኃኒት የሚሆነውንም እናሰባጥራለን።» የአየርላንድን የድንች ረሃብ አክስቴ ሰምታ አታውቅም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አገሩ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ተንጠልጥሎ በሽታ ሲገባ ሕዝብ እንዳለቀ ማንም አልነገራትም። ጓሮዋ ግን ያውቀዋል።

ታላላቆቹም እንደ እኛው ተደናግጠው ነበር። ክሊንተን ወሬው በወጣ በቀናት ውስጥ ሰውን ለማባዛት ከፌደራል መንግሥት አንድ ሳንቲም አይወጣም ብሎ አገደ። ዩኔስኮ በዚያው በፈረንጆቹ 1997 ዓመት መጨረሻ ላይ ሰውን ማባዛት ከሰው ክብር ጋር የማይሄድ ነው ብሎ አወጀ። ሪቻርድ ሲድ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ብድግ ብሎ «እኔ አባዛለሁ» አለ፤ ጣሊያናዊው የማኅፀን ሐኪም ሴቬሪኖ አንቲኖሪም ተከተለው። ከሁሉ ያስፈነደቀን ግን ታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ነው። ሰው የመጣው ከሌላ ዓለም በመጡ ፍጡራን እጅ ተሠርቶ ነው ብለው የሚያምኑት ራኤላውያን፣ ክሎኔድ በሚባል ድርጅታቸው በኩል «ሔዋን የምትባል የመጀመሪያዋ ክሎን ተወልዳለች» አሉ። ዓለም «እስቲ ዲኤንኤዋን እንየው» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

በዚያ መሐል የፊልም ጀግናው አርኖልድ ደረሰ። ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት፣ በጆንያ በተጋረደ በር ገብተን፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን፣ «ዘ ሲክስዝ ዴይ»ን አየን። ሰውየው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመስኮት የሚያየው ሌላ አርኖልድ ልደቱን ከቤተሰቡ ጋር ሲያከብር ነው! ቪዲዮ ቤቱ አበደ። አንድ አርኖልድ ስንት ሰው እንደሚጥል እናውቃለን፤ ሁለት ሲሆኑማ! ያየነውን ሁሉ እናምን ስለነበር ክሎን ማለት በአንድ ቀን ሙሉ ሰው ሆኖ፣ ትዝታውን ተሸክሞ፣ ሸሚዙን ለብሶ የሚወጣ ነገር መሰለን። ፈተናውን በእሱ የሚያስፈትን፣ ለቅሶ ቤት በእሱ የሚወክል ስንቱ ተመኘ! ዘጠኝ ወር ተረግዞ፣ እሪ ብሎ ተወልዶ፣ ጡት ጠብቶ፣ ኩፍኝ ወጥቶለት የሚያድግ ተራ ሕፃን እንደሚሆን የሚናገር ፊልም የለም። ማን ከፍሎ ያያል?

ዶሊ ራሷ ግን እንደ ማንኛዋም በግ ኖረች። ስድስት ግልገል ወለደች፤ ፎቶ ማንሻ ሲመጣ ራሷ ቀድማ ብቅ ትል ጀመር ይባላል፤ ወፈረች። የካቲት 1995 ዓ.ም. ሳንባዋ በቫይረስ በሚመጣ ዕጢ ተይዞ አሳርፈው ሸኟት፤ ዛሬ ኤድንብራ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ቆማለች። ስትሞት «ሲወለዱ ያረጁ ናቸው» የሚለው ወሬ ተስፋፋ። ከዓመታት በኋላ ግን ከእሷው የሴል ዘር የተባዙ አራት እህቶቿ ኖቲንግሃም ውስጥ በጤና አርጅተው ተገኙ። ይህ ዜና ሲወጣ ማንም ጋዜጣ ነጥቆኝ አልሄደም።

ዛሬስ? ዛሬ በጊዜው ብንሰማው የማናምነው ነገር እንደ ዋዛ ይደረጋል። የአርጀንቲናው የፖሎ ተጫዋች አዶልፎ ካምቢያሶ ኳርቴቴራ የምትባል ምርጥ ፈረሱን አስባዝቶ፣ በፈረንጆቹ 2016 ታላቅ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ስድስቱን ክሎኖች እየቀያየረ ጋልቦ አሸነፈ! አሥሩ ኃይሌ በፈረስ መጣ ማለት ነው። ባርብራ ስትራይሳንድ የሞተባትን ውሻ አስባዝታ ሁለት ቡችላ ተረክባለች፤ ቴክሳስ ያለው ድርጅት ለውሻ ወደ 50,000 ዶላር ያስከፍላል። የድመቷ ነገር ግን ከሁሉ ይጥመኛል። በፈረንጆቹ 2001 መጨረሻ ቴክሳስ ላይ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ክሎን ድመት፣ እናትየዋ ብርቱካናማ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሆና ሳለ እሷ ብርቱካናማውን ጨርሶ ትታ ግራጫና ነጭ ሆና ብቅ አለች። ሴት ድመት ላይ የፀጉሩን ቀለም የሚይዘው ዘረመል በየሴሉ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል፤ ለመባዛት የተወሰደው ሴል ብርቱካናማው የጠፋበት ነበር። ያንኑ ፎቶ ኮፒ የጠበቀ ሰው ሌላ ድመት ታቅፎ ይገባል።

የሰው ነገር ሲሆን ፈገግታዬ ይቀንሳል፤ ምክንያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ደቡብ ኮሪያ ላይ ነው። ሁዋንግ ዉ-ሱክ በፈረንጆቹ 2004 እና 2005 የሰው ጽንስ አባዝቼ ግንደ ሴል አወጣሁ ሲል አገሩ ተንበረከከለት፤ ከተሽከርካሪ ወንበር ተነስቶ የሚራመድ ሰው የተሳለበት ቴምብር ታተመ። እኛም ቴምብሩን በጋዜጣ አይተን ሽባው ሁሉ በሚቀጥለው ፋሲካ የሚነሳ መስሎን ነበር። በፈረንጆቹ 2006 መጀመሪያ ላይ ሁሉም ፈጠራ መሆኑ ተረጋገጠ። ዓለም ስለ ውሸቱ ጮኸ፤ ሥራው የበላው ግን ከ100 በላይ ከሚሆኑ ሴቶች የተወሰደ ከ2,000 በላይ እንቁላል ነበር። አንዳንዶቹ ተከፍሏቸዋል፤ ከራሱ ቤተ ሙከራ ተቀጣሪዎችም የሰጡ ነበሩ። አለቃህ ለምርምር እንቁላል ሲፈልግ «እምቢ» የምትል ጀማሪ ተመራማሪ ማን ናት? እንቁላል ለማውጣት መርፌ አለ፣ ሆርሞን አለ፣ አንዳንዴ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም አለ። ዶሊን ለማግኘት 277 ጊዜ ተሞክሮ፣ 29 ጽንስ ተገኝቶ፣ በ13 በጎች ማኅፀን ገብቶ፣ አንዲት ተወለደች። ጥር 2010 ዓ.ም. ሻንጋይ ላይ ሁለት ጦጣዎች፣ ዦንግ ዦንግና ኋ ኋ፣ መባዛታቸው ከተነገረ በኋላም ቁጥሩ ብዙ አልተሻሻለም፤ 79 ጽንስ፣ 21 ተሸካሚ እናት፣ ሁለት ልጅ። እኛ ክሎኑ ነፍስ አለው የለውም እያልን ስንነታረክ በነበረበት ጊዜ ሁሉ፣ የሴቷን ጉዳይ ያነሳ አልነበረም። ሰው በዚህ መንገድ ይሞከር ቢባል እነዚያ ሃያ አንዱ ተሸካሚዎች እነማን ይሆናሉ? ሀብታም ሰፈር ሲፈለጉ የሚገኙ አይመስለኝም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጆቹ 2005 ሰውን ማባዛት ይታገድ የሚል መግለጫ ሲያጸድቅ 84 ደግፈው፣ 34 ተቃውመው፣ 37 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ ማንንም የሚያስገድድ አይደለም። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ በማስረጃ የተረጋገጠ የሰው ክሎን የለም። በ1992 ዓ.ም. ይደርሳል ብሎ ክትፎ ያስያዘን ጓደኛዬ ዕዳውን አልከፈለም፤ አሁን ዳላስ ነው።

ክሎኑን በፊት በር ስንጠብቅ በጓዳ በር ሌላ ነገር ገባ። ሙሉ ሰው መቅዳት ቀርቶ የአንዱን ሰው የዘረመል ጽሑፍ ፊደል በፊደል ማረም መጣ። ኢማኑኤል ሻርፐንቲየርና ጄኒፈር ዱድና በፈረንጆቹ 2012 ክሪስፐርን ሲያሳዩ ሥራው ቀላል ነበር፤ ባክቴሪያ የሚያጠቃውን ቫይረስ ለይቶ የሚቆርጥበትን መቀስ ተውሰው፣ የትኛውን የዲኤንኤ ቦታ እንደሚቆርጥ አድራሻ ሰጡት። በፈረንጆቹ 2020 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። በመካከሉ ግን ኅዳር 2011 ዓ.ም. አንድ ቻይናዊ፣ ሸንዘን ያለው ሄ ጂያንኩዊ፣ ዩቲዩብ ላይ ብቅ ብሎ «ሉሉና ናና ተወልደዋል» አለ። ኤች አይ ቪ ወደ ሴል የሚገባበትን በር፣ ሲሲአርፋይቭ የተባለውን ዘረመል፣ ገና ጽንስ ሳሉ አርሞላቸዋል። አባታቸው ቫይረሱ በደሙ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ይህንን ወሬ በ1989 ቢነግሩን ኖሮ የሰውየውን እግር እንስም ነበር። ያኔ በየሳምንቱ ድንኳን ይተከላል። የሟቹን በሽታ ስም የሚጠራ የለም፤ «ሳል ነው»፣ «ቁርጥማት ነው» ይባላል፤ መድኃኒቱ አገር ውስጥ የለም። ከቫይረሱ ጋር የማይተዋወቅ ልጅ ይወለዳል ቢሉን ስምንተኛውን ሺህ ያሉት ጋሼ እንኳ ዕልል ይሉ ነበር። ስለዚህ ዜናው በመጣ ጊዜ ልቤ ቀድሞ ዘለለ። ቀጥሎ ግን ያነበብኩት ዝላዩን አቀዘቀዘው። አባት ቫይረሱ ኖሮበት ጤነኛ ልጅ ለመውለድ ዘረመል መንካት አያስፈልግም፤ ዘሩን አጥቦ የማዳቀል ዘዴ ድሮም ነበረ። የተሠራውም እርማት የተፈለገው ዓይነት አልነበረም፤ ሴሎቹም ሁሉ እኩል አልታረሙም። ያው በር ደግሞ ለኤች አይ ቪ ሲዘጋ ለዌስት ናይል ቫይረስ ያጋልጣል። እርማቱ ልጆቹ ላይ አያበቃም፤ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ይወርዳል። ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት አስሮ 3 ሚሊዮን ዩዋን ቀጣው፤ በፈረንጆቹ 2022 ተፈቷል። ልጆቹ ዛሬ ተማሪ ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ወላጆቹን ወደ እሱ የገፋቸው ግን ከቫይረሱ በላይ አድልዎው ነው፤ በሽታው ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ልጅ ልውለድ ማለት የማይችልበት አገር መሆኑ። ያንን የሚያርም መቀስ እስካሁን አልተሠራም።

በሌላ በኩል የዛሬው ዜና ደግሞ እንደ ልጅ ያስጨፍራል! ካስጌቪ የሚባለው ሕክምና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ብሪታንያ፣ በወሩ ገደማ አሜሪካ ተፈቀደ። የሲክል ሴል ሕመምተኛውን የአጥንት መቅኒ ሴል ያወጡና አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ያጠፋሉ፤ እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ይጠቀምበት የነበረው ሄሞግሎቢን ተመልሶ ይነሳል። ሰውነት ጥሎት የመጣውን የጽንስ ጊዜ ደም እንደገና አስታወሱት ማለት ነው! ግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፊላዴልፊያ ላይ፣ ጉበቱ አሞኒያን ማጥራት ለማይችል ለአንድ ጨቅላ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን የዘረመል መድኃኒት በስድስት ወር ተሠርቶ እንደተሰጠው ተነገረ። ይህ እርማት በሕመምተኛው አካል ይቀራል፤ ለልጁ አይወርድም፤ አዋቂው ደግሞ ራሱ ፈርሞ ይገባል። ድንበሩን እኔ እዚያ ጋ ነው የማቆመው፤ ከንስሐ አባታችን ጋር ሳልስማማ አልቀርም። የካስጌቪ ዋጋ ግን አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከሲክል ሴል ሕመምተኞች አብዛኛው ያለው ደግሞ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። መቅኒውን ለማጽዳት የሚሰጠው የኬሞ መድኃኒትና የሆስፒታሉ ወር ሲጨመር፣ መቀሱ የተሠራላቸው ሰዎች መቀሱን የሚያዩት በሥዕል ነው።

በነገራችን ላይ «ጉዳት አላየንም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም» የሚለውን ክርክር ዓለም መድረክ ላይ ከተሟገቱለት አንዱ የእኛው ሰው ነበሩ። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በዘረመል ምህንድስና የተሠሩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ድንበር ሲሻገሩ አገሮች አስቀድመው እንዲጠየቁ፣ የአፍሪካን ቡድን መርተው ተከራክረው፣ ጥር 1992 ዓ.ም. የካርታኼና ፕሮቶኮል ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። ጉዳያቸው ዘርና አዝመራ ነበር። ለጥጥና ለበቆሎ የጠየቁትን ጥንቃቄ ለሕፃን የጠየቀ ስንት አለ?

እና የአክስቴ ልጅ ባለፈው ከሜሪላንድ ደወለች። ባልና ሚስቱ በቤተ ሙከራ ፀንሰው አምስት ጽንስ በረዶ ውስጥ አስቀምጠዋል። አንድ ድርጅት «ከፈለጋችሁ የአምስቱንም ዘረመል አንብበን፣ የትኛው ለምን በሽታ እንደሚጋለጥ በነጥብ አስቀምጠን እንሰጣችኋለን» አላቸው። ቫይበር ላይ ተሰበሰብን፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንዱ «ቁመቱንም ጠይቂልን» ይላል፣ ሌላው «የሒሳቡን ነገር»፣ ሦስተኛው «ፀጉሯ የአያቷን ይሁን» ይላል። ምግብ ቤት ገብቶ እንደማዘዝ ሆነ! እኔም ስለ ነጥቡ አስተማማኝ አለመሆን፣ ነጥቡ የተቀመረው በአብዛኛው በአውሮፓ ዘሮች መረጃ ስለሆነ ለእኛ ይበልጥ እንደሚስት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ማን ይሰማኛል።

አክስቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣

«ስኳርንም ያያል?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ እንደውም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።»

አክስቴ ስኳር አለባት፤ እናቷም ነበረባት።

«እንግዲያ እኔን ያኔ ቢያነቡኝ ኖሮ እዚያው በረዶው ውስጥ ትተውኝ ነበር?»

«ኧረ እማዬ! አንቺን ማን ይተዋል!»

«የሚተውማ አለ፤ ወረቀቱ ይተወኛል። ስሚኝ፣ ስኳር ያለባት ከመጣች እንዳትጥያት፤ ለእኔ አስቀምጪልኝ፣ እኔ አሳድጋታለሁ። ቡላ አበላታለሁ፣ በእግሯ አስሄዳታለሁ፤ ከእናንተ ሁሉ ትሻላለች።»

ቤተሰቡ በሳቅ አለቀ። የአክስቴ ልጅ ሳቋን እየዋጠች በረዶው ውስጥ ማስቀመጥም ኪራይ እንዳለው ነገረቻት። አክስቴ ሴት ልጅ አሳድጋ የዳረች፣ ዕቁብ ሰብስባ የምታውቅ ሴት ናት፤ መነጽሯን አድርጋ፣ «በወር ነው በዓመት?» አለች።